ከዐይን ቆብ ደም ሥር እስከ ሬቲና ደም ሥር፤ የተቆጣ ዐይን በዋግ ኽምራ



የተቆጣ ዐይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በደም ሥሩ ነው። «ዐይኑ ደም ለበሰ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ይህንኑ ያመለክታል። ደም የለበሰን ዐይን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እናትም፣ ጎረቤትም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያውቁታል። ነገር ግን ውጩ ነጭ እንደሆነ፣ ሳያመውና እንባ ሳይወርደው፣ በውስጡ ያሉት ደም ሥሮች ብቻ የሚቆጡበት ዐይንም አለ። የዚህ ዐይን ባለቤት ብዙውን ጊዜ ወጣት ወይም ጎልማሳ ነው፤ የሚያሰማውም አቤቱታ «ዝንብ የሚመስል ነገር ከፊቴ ይበራል»፣ «ጭጋግ ሆነብኝ» ከማለት አያልፍም። ዐይኑ ነጭ በመሆኑ ብቻ «ደህና ነህ» ተብሎ የሚመለሰው፣ ዘግይቶ ከሐኪም ዘንድ ሲደርስም ብዙ ብርሃን አጥቶ የሚገኘው እርሱ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ የዚህ ሰው ዐይን ሲሆን፣ ቦታው ዋግ ኽምራ፣ በተለይም ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የምትገኘው፣ ቀድሞ በዝቋላ ወረዳ ሥር የነበረችው ሰሃላ ናት።

ዋግ ኽምራ በዐይን ሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚነሣው በሌላ ዐይነት የዐይን ቁጣ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ትራኮማ ወይም የዐይን ማዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከሕፃናቱ መካከል ከመቶ 62.6 ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዚትሮማይሲን እደላ መላውን ክልል ያዳረሰ ሆኖ ሳለ፣ በሽታው በዋግ ሥር ሰድዶ መቆየቱ ብዙዎችን አስጨንቋል። እንዲያውም በ2015 እ.ኤ.አ. በዋግ ኽምራ በ40 የገጠር መንደሮች አንድ ትልቅ ሙከራ ተጀምሮ፣ ለግማሾቹ መንደሮች ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ተሰጥቶ ሦስት ዓመት ከተጠበቀ በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት የሕፃናቱ የትራኮማ ልክፍት ካልተሰጣቸው መንደሮች ይልቅ አለመቀነሱን ገልጿል። (ከዚህ ተነሥቶ ውኃ አያስፈልግም የሚል ቢኖር ውጤቱን አላነበበም፤ የተነገረው ሦስት ዓመት እንደማይበቃ ነው ቢባል ይሻላል።)

ስለ ሬቲና ሊነገር ተጀምሮ ትራኮማ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል የትራኮማ መመደቢያ አምስት ምልክቶችን የያዘ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ጽኑ ቁጣ የተባለው፣ የሚለየው በደም ሥር ነው። የላይኛው የዐይን ቆብ ተገልብጦ ሲታይ፣ በጤነኛ ሰው ላይ በግልጽ የሚታዩት የጥልቁ ደም ሥሮች ከግማሽ በላያቸው በእብጠት ተሸፍነው ከጠፉ፣ ቁጣው ጽኑ ነው ይባላል። እንግዲህ በዋግ መንደሮች እየተዘዋወረ የሕፃናትን ቆብ ሲገለብጥ የኖረ ነርስ ወይም የዐይን ሕክምና ባለሙያ «ደም ሥሩ ይታያል ወይስ ተሸፍኗል?» የሚለውን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ጠይቆ ሺህ ጊዜ መልሷል ማለት ነው። ቁጣን በደም ሥር ማንበብ ለእርሱ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ፎቶግራፍም ቢሆን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በአማራ ክልል በተካሄዱት የትራኮማ ጥናቶች የተገለበጠው ቆብ በቅርብ ማንሻ ሌንስ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ሥዕሉን በኋላ የሚያነቡት ሰዎች ሕፃኑ የየትኛው መንደር እንደሆነ፣ መድኃኒትም ይሰጠው አይሰጠው አያውቁም፤ ስለዚህ ዐይናቸው ያየውን እንጂ ልባቸው የተመኘውን ሊመሰክሩ አይችሉም። በመስክ ላይ የቆመው መርማሪ ግን ደክሞት ይሆናል፣ ፀሐይ ወግቶት ይሆናል፣ የመንደሩም መሻሻል የራሱ የሥራ ፍሬ ሊመስለው ይችላል። ሥዕሉ ይህንን ሁሉ ያስተካክላል። የውስጡን ዐይን ደም ሥር ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈለገውም በመጀመሪያ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ የታየው ከሦስት ወር በኋላ ከሚታየው ጋር እንዲነጻጸር፣ በሰቆጣ የተነሣውም በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ በሌላ ሰው እንዲነበብ ነው። ነገር ግን በሬቲናው ጉዳይ ካሜራው ከዚህ የበለጠ ሥራ አለው፤ ዐይን ጨርሶ የማያየውን ነገር ያሳያል።

ሬቲና የዐይንን የኋለኛ ውስጥ እንደ ልስን የለበጠ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አእምሮ የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። የሰው ሥጋ ሳይቀደድ ደም ቅዳውና ደም መልሱ ከነአካሄዳቸው በቀጥታ የሚታዩበት ስፍራም ይኸው ነው። የእነዚህ ደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል አይደለም። ሴሎቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ጠብቀው የተያያዙ በመሆናቸው ከደሙ ውስጥ ያለው ነገር እንዳሻው ወደ ሬቲናው ሊያልፍ አይችልም። በሚገባ የተሟሸ እንስራ ውኃውን ይዞ ደረቅ ሆኖ እንደሚያድር ሁሉ ጤነኛው ደም ሥር ደሙን ይዞ ይኖራል። ሳይሟሽ ውኃ የተሞላ እንስራ ግን ስንጥቅ ሳይኖረው ያወዛል፤ ጠዋት ሲታይ የተቀመጠበት መሬት ርሷል። የተቆጣ የሬቲና ደም ሥር የሚመስለው ይህን እንስራ ነው። ደም አልፈሰሰበትም፤ ቀዳዳም የለውም፤ ግን ያወዛል። የወዛው ፈሳሽም ጥርት ያለው እይታ በሚገኝበት በማኩላው ዙሪያ ሲጠራቀም ሰውየው ፊት መለየት፣ ፊደል ማንበብ፣ መርፌ መሰካት ይሳነዋል።

ይህን መዋዛት በ1851 እ.ኤ.አ. ሄልምሆልትዝ ለዓለም ባስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ሁልጊዜ ማየት አይቻልም። ቁጣው የበረታ እንደሆነ በደም ሥሩ ዳርና ዳር ነጭ ሽፋን፣ አልፎ አልፎም የደም ነጠብጣብ ይታያል፤ ቀለል ያለ ከሆነ ግን መርማሪው ምንም ሳያይ ያልፋል። መፍትሔው የተገኘው ከቀለም ነው። ፍሉረሲን የተባለው ቀለም በ1871 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ቤየር የተሠራ ሲሆን፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ብርሃን መልሶ ይሰጣል። ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ የተባሉ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ይህን ጠባዩን በመጠቀም፣ ቀለሙን በክንድ ደም መልስ ሰጥተው፣ አንዱ ማጣሪያ ሰማያዊውን ብርሃን ብቻ እንዲያስገባ፣ ሌላው አረንጓዴውን ብቻ እንዲያስወጣ አድርገው ሬቲናን ፎቶግራፍ ለማንሣት በቁ። በዚህ ዘዴ በመጀመሪያ የተነሣው የሰው ዐይን የራሱ የአልቪስ ዐይን ነበር። ጽሑፋቸውን የዐይን ሕክምና መጽሔት ስላልተቀበለው በ1961 እ.ኤ.አ. የታተመው በልብና በደም ዝውውር መጽሔት ላይ ነው። ዛሬ ፍሉረሲን አንጂዮግራፊ ሳይጠቅስ ስለ ሬቲና የሚያስተምር የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ንባቡ ግን ልምድ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊ ግራም የሚሆን ቀለም በክንድ ይሰጣል፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከዐይን ይደርሳል። በቅድሚያ ከሬቲናው ጀርባ ያለው ኮሮይድ ይፈካል፤ ቀጥሎ ደም ቅዳዎቹ፣ ከዚያም ፀጉር የሚያካክሉት ደም ሥሮች፣ በመጨረሻም ደም መልሶቹ ይሞላሉ። ደቂቃዎች ሲያልፉ ቀለሙ ከጤነኛው ዐይን እየደበዘዘ ይሄዳል። በተቆጣው ዐይን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ብርሃኑ እየጨመረ ይሄዳል። የትልልቆቹ ደም ሥሮች ግድግዳ ቀለም ይጠጣና ጠርዛቸው ይደበዝዛል፤ ከቀጫጭኖቹ የሚወጣው ቀለም እንደ እንስላል ቅጠል ተበታትኖ ይታያል፤ በማኩላው ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ የአበባ ቅጠል ቅርጽ ይይዛል፤ የዐይን ነርቭ መግቢያም ይግላል። ለምርመራው በመጀመሪያው ደቂቃ የተነሡት ሥዕሎች ብቻ ይበቃሉ ብሎ ካሜራውን የሚያጠፋ ባለሙያ ከሁሉ የሚፈለገውን ምስክር ሳይሰማ ችሎቱን እንደ መዝጋት ያህል ያጠፋል።

ከብርሃኑ ይልቅ ጨለማው አስጊ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቁጣው ደም ሥሩን ዘግቶት ከሆነ ቀለሙ ወደዚያ ስፍራ ጨርሶ አይደርስም፤ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ደም የተነፈገው ሬቲና በጠርዙ ላይ አዳዲስ፣ ደካማ ደም ሥሮችን ያበቅላል፤ እነዚህም ቀለምን አብዝተው ያፈሳሉ፤ በድንገት ሲበጠሱ ደግሞ ዐይንን ከውስጥ የሞላው ዝልግልግ በደም ይሸፈናል። ሄንሪ ኢልስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም በወጣት ወንዶች ላይ ያየውና ኋላ በስሙ የተጠራው በሽታ ጠባዩ ይህ ነው። የሚያወዛውን ከተዘጋው መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ለሚያወዛው የሚሰጠው ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ነው፤ የተዘጋውና አዲስ ደም ሥር ያበቀለው ግን ከዚያ በተጨማሪ ሌዘር ይፈልጋል። ይህንን ልዩነት በርግጠኝነት የሚያሳየው አንጂዮግራፊው ነው። በቤሼት በሽታም መርማሪው «ዐይኑ ጸጥ ብሏል» ባለበት ሰዓት ሥዕሉ መዋዛቱ እንዳልቆመ ሲመሰክር ይገኛል። ቁጣው የሚጀምረው በሬቲናው ዳርቻ ሊሆን ስለሚችልም ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ብቻ የሚያሳየው የቀድሞው ካሜራ ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ የኋለኞቹ ባለ ሰፊ ማዕዘን ካሜራዎች እስከ 200 ዲግሪ ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ደም ሥሩ መቆጣቱን እንጂ ማን እንዳስቆጣው አይናገርም። ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ «ሥዕሉ አሳየ» ተብሎ በዚያው ቀን ስቴሮይድ የተጀመረለት ሰው ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ሊጎዳ ይችላል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የነቀርሳ ሸክም ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ነቀርሳም የሬቲናን ደም መልስ ከሚያስቆጡት ዋነኞች አንዱ ነው። ቂጥኝ የማንኛውንም የዐይን ቁጣ መልክ ሊይዝ ይችላል፤ ምርመራው ግን ርካሽ ነው። ቶክሶፕላዝማ በድመት ዐይነ ምድር በተበከለ ነገርና ባልበሰለ ሥጋ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ተገቢው መድኃኒት ሳይሰጥ ስቴሮይድ ብቻውን የተሰጠው እንደሆነ ሬቲናውን እንደ ሰደድ እሳት ሊበላው ይችላል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና የሲዲ4 ቁጥሩ ከ50 በታች የወረደ ሰው በሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሬቲናው ሊቃጠል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ዐይኑ ከውጭ ነጭ፣ ሕመሙም የሌለ መሆኑ የተለመደ ነው። እነዚህ አራቱ ሳይጣሩ ስቴሮይድ መጀመር የለበትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኤታምቡቶል የዐይንን ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የእይታ መጠንና ቀለም የመለየት ችሎታ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ከወራት በኋላ የደከመውን እይታ በሽታው ይሁን መድኃኒቱ ያደከመው መለየት ያስቸግራል።

እስካሁን የተባለው ወደ ሰሃላ ሲወርድ ሌሎች እንቅፋቶች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ራሱ ትራኮማ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የዐይኑን መስታወት ሲፍቀው የኖረ፣ በወረንጦ እየነቀለ ዓመታት ያሳለፈ ሰው፣ መስታወቱ ጠባሳ ስለሚኖረው ካሜራው በዚያ በኩል አሻግሮ ሊያይ አይችልም። የውጩ ቁጣ የውስጡን መስኮት ይዘጋዋል ማለት ነው። የውስጡም ቁጣ እንዲሁ በሩን ይዘጋል፤ አይሪሱ ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ ብሌኑ አልሰፋ ይላል፤ ሌንሱም ያለ ዕድሜው ሞራ ያበጃል። በ1998ቱ ብሔራዊ ጥናት ከዐይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል የዐይን ሞራ ከመቶ 49.9፣ ግላኮማ ከመቶ 5.2 ሆነው ሲመዘገቡ፣ የዐይን ውስጥ ቁጣ ከዋናዎቹ ጋር በስሙ አልተጠራም። ቁጣው ግን ሞራም ግላኮማም የማምጣት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ተሸሽጎ ሊቆጠር እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በ25 ዓመት ወጣት ላይ የተገኘ ሞራ፣ አደጋ ካልደረሰበት በቀር፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ተራ ከመግባቱ በፊት «ይህ ዐይን ተቆጥቶ ያውቃልን?» ተብሎ ሊጠየቅለት ይገባል።

ቀለሙን በየጤና ጣቢያው ማዳረስ ይሻላል የሚል ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ይህ ሐሳብ ቢቀር ይሻላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ከባድ ጉዳት ከ1,900 ምርመራ በአንዱ፣ ሞት ደግሞ ከ222,000 በአንዱ ያህል እንደሚደርስ ገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም አድሬናሊን፣ ኦክሲጅንና የሠለጠነ እጅ በሌለበት ቦታ ያ አንዱ ሰው አይተርፍም። ማቅለሽለሽና ማሳከክ ግን የተለመደ ነው። ከዚህም ሌላ ሐኪሞች እንደ ተራ ነገር የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። ቀለሙን የተወጋ ሰው ለሰዓታት ቆዳው ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱም እስከ ማግስቱ ብርቱካናማ ይሆናል። ይህ በሚገባ ሳይነገረው ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የወፍ በሽታ ያዘው ተብሎ ቤተሰቡ መደንገጡ አይቀርም፤ ከዚያም ወዲያ ከዚያ መንደር ለምርመራ የሚመጣ አይኖርም። የሚነገረውም በሚገባው ቋንቋ ሊሆን ይገባል። በዋግ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ «ጭጋግ» እና «ጨለማ»፣ «ዝንብ» እና «ብልጭታ» በአስተርጓሚ መካከል ሲያልፉ እርስ በርስ እንዳይለዋወጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ለሬቲናው ሐኪም ልዩነታቸው ትልቅ ነውና።

ያለ ቀለም ደም ሥርን የሚያሳይ መሣሪያስ የለምን? አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኦሲቲ የሬቲናን ውፍረት በማይክሮን ይለካል፤ ከእርሱ የተወለደው ኦሲቲ አንጂዮግራፊም የደሙን እንቅስቃሴ በብርሃን ብቻ ይከተላል። መርፌ የለውም፤ ቢጫ አያደርግም፤ በደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን በቁጣው ጉዳይ አንድ ጉድለት አለበት፤ መዋዛትን አያሳይም። በበጋ ከገደል አፋፍ ቆሞ ተከዜን ቁልቁል የሚመለከት ሰው ውኃው የሚወርድበትን መስመር ያያል፤ ወደ አሸዋው የሚሰርገውን ግን አያይም። ኦሲቲ አንጂዮግራፊ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ተካው የሚለው የሻጮች አነጋገር ለስኳር በሽታና ለዕድሜ ማኩላ በመጠኑ ቢያስኬድም፣ ለተቆጣ ደም ሥር አይሠራም። መሣሪያ የመግዛት ዕድል ቢገኝ፣ በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ዐይነት ሆስፒታል ቀዳሚነት የሚገባው ተራው ባለ ቀለም ሥዕል የሬቲና ካሜራ ነው፤ ቀጥሎ ኦሲቲ። ፍሉረሲኑ የሬቲና ልዩ ሐኪም ባለበት ቦታ ይቆይ። ተራው ካሜራ የበሰለ ቁጣን፣ የደም ነጠብጣብን፣ የነርቭ መግቢያን እብጠትና የቆየ ጠባሳን ያሳያል፤ ሥዕሉም በሽተኛው ከመንቀሳቀሱ በፊት ተልኮ ሊነበብ ይችላል። ከሰቆጣ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰሃላ ለሚነሣው ደግሞ የሰቆጣው መንገድ ይታከልበታል። ከሌላ ሰው ጋር ተደግፎ፣ ፍየሎቹን ሽጦ የሚሄድን ሰው ያለ በቂ ምክንያት መላክ ያስቸግራል፤ መላክ የሚገባውን ማስቀረት ግን ዐይኑን ያስከፍላል።

ካሜራ እስኪገኝ ድረስም ቢሆን ወሳኙ ሥራ ቆብ ሲገለብጥ በኖረው ሰው እጅ ነው። እይታው የቀነሰ፣ ዐይኑ ነጭ የሆነ፣ በመነጽር ቀዳዳም ሲታይ ያልተሻለው ወጣት ብሌኑ ሳይሰፋ መሸኘት የለበትም። ለዚህም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚለቀው ትሮፒካማይድ ይመረጣል፤ አትሮፒን ሳምንት ከዚያም በላይ ስለሚቆይ በቆላ ፀሐይ ፍየል ለሚጠብቅ ሰው ቅጣት ነው። ብሌኑ ከሰፋ በኋላ በኦፍታልሞስኮፕ ሲታይ የውስጡ መቅላት ጭጋጋማ ከሆነ፣ የደም ነጠብጣብ ወይም በደም ሥር ላይ ነጭ ሽፋን ከተገኘ፣ ወይም ብሌኑ ተጣብቆ ቅርጹን ካጣ፣ ሰውየው በሳምንቱ ውስጥ የዐይን ሐኪም ማየት አለበት። የሳል፣ የማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የአፍና የብልት ቁስል፣ በቅርብ የወጣ ለምጽ፣ የጆሮ ጩኸት ይጠየቃል፤ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም በዚያው ቀን ይደረጋል።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚላከው ደብዳቤ «የዐይን ችግር» ከሚል አንድ መስመር የተሻለ ነገር ሊይዝ ይገባል፤ የሁለቱ ዐይኖች የእይታ መጠን፣ ጭጋጉ የጀመረበት ወር፣ የምርመራዎቹ ውጤት ሊጻፉበት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ስቴሮይድ ተሰጥቶት ከሆነ፣ በጠብታ ይሁን በእንክብል፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነና የተጀመረበት ቀን ይጻፍ። ስቴሮይዱ መዋዛቱን ለጊዜው ያቆመዋልና፣ ይህን ሳያውቅ ሥዕሉን የሚያነበው ሐኪም የደረቀውን እንስራ አይቶ ዐይኑ ጤነኛ ነው ሊል ይችላል።